ስለ ቮድቪል ስትጽፉ የምታናድዱኝባቸው ነገሮች

የቴአትር ታሪክ ወረቀት ማረም ከጀመርኩ ቆየሁ። በየዓመቱ አንድ ሁለት ተማሪ የአሜሪካን ቮድቪል፣ ያንን የልዩ ልዩ አጫጭር ትርኢቶች መድረክ፣ ይመርጣል። ደስ ይለኛል። ርዕሱ ጨዋታ አለው። ዘፋኝ፣ አክሮባት፣ የሰለጠነ ውሻ፣ ቀልደኛ፣ ሁሉም በአንድ ምሽት በአንድ መድረክ ላይ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር አገኛታለሁ፦ «ሕዝቡ ከወደደው ያልፋል፣ ካልወደደው ይወድቃል።» እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቡና ፍለጋ እወጣለሁ።

ሕዝቡ ቦታ አልነበረውም እያልኩ አይደለም። ነበረው፤ ምስክር ነበር። ፈራጁ ግን ሌላ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቦስተን የተነሳው የቢ. ኤፍ. ኪትና የሸሪኩ የኤድዋርድ አልቢ ድርጅት በተለያዩ ከተሞች ቴአትር ቤቶች ነበሩት። ሳምንቱ የሚጀምረው ሰኞ ነው። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ የሰኞን የመጀመሪያ ትርኢት ቁጭ ብሎ ያያል። ከዚያ ስለ እያንዳንዱ አቅራቢ ሪፖርት ይጽፋል። ስም። ስንት ደቂቃ ፈጀ። ሙሉውን መድረክ ተጠቀመ ወይስ ከመጋረጃው ፊት ብቻ ቆመ። ቀጥሎ ጥቂት መስመሮች፦ የት ሳቁ፣ የት ቀዘቀዙ፣ ምን ይቆረጥ፣ ለሚከፈለው ገንዘብ ይመጥናል ወይ። ይህ ወረቀት ወደ ዋናው ቢሮ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ቤቶችም ያነቡታል። ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጻፉት የሪፖርት መዝገቦች ዛሬ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛሉ።

ታዲያ ተማሪዎቼ ይህንን ሪፖርት እንደ ኪነጥበብ ሂስ ያነቡታል። «ሥራ አስኪያጁ የዘፋኟን ድምፅ አድንቋል» ብለው ይጽፉልኛል። የለም፣ አላደነቀም! ዋጋ እየተመነ ነው። ገበያ ወጥቶ የበሬ አፍ ከፍቶ ጥርስ የሚያይ ነጋዴ የበሬውን ውበት እያደነቀ ነው እንዴ? ያው አንድ ቀልደኛ፣ ያው አንድ ሳቅ፣ በትንሽ ክፍያ «ጥሩ» ይባላል፣ በትልቅ ክፍያ «አይረባም»። ቃሉ የተለወጠው ቀልዱ ስለተለወጠ አይደለም። ሰውዬው አንድ ዓይኑን መድረኩ ላይ፣ ሌላውን ወንበሮቹ ላይ፣ ልቡን ደግሞ የገንዘብ ሣጥኑ ላይ አድርጎ ነው የተቀመጠው። ያ ወረቀት በሚቀጥሉት ሳምንታት አቅራቢው ሥራ ማግኘቱን፣ በስንት ማግኘቱን፣ ከስንተኛው ተራ ላይ እንደሚገባ ይነካል። ኮንትራቱ ራሱ ከመጀመሪያው ትርኢት በኋላ ማሰናበት ሊፈቅድ ይችል ነበር። በ1906 ደግሞ የኪት ሰዎች ሥራ የሚመድብ አንድ ማዕከላዊ ቢሮ አቋቋሙ። ከዚያ ቢሮ የተጣላ ሰው ቤቱ በጭብጨባ ቢናጋለትም ትልልቆቹ መድረኮች ይዘጉበታል።

ጭብጨባ ፈራጅ ቢሆን ኖሮ አርቲስቶቹ በ1900 ማኅበር አቋቁመው በ1901 ለምን አድማ ይመታሉ? የተጣሉት ከተመልካች ጋር አይደለም። ሥራ አስኪያጆቹ ከደመወዛቸው ላይ በሚቆርጡት አምስት በመቶ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም በዚህ ወድቄያለሁ። ወጣት ሳለሁ ከእነዚህ ሪፖርቶች «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚሉ ቃላትን ቆጥሬ ሠንጠረዥ ሠራሁ። የዘመኑን የሕዝብ ምርጫ አገኘሁት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ለአንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ አሳየሁ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ደመወዛቸውን የት አስቀመጥከው?» አሉኝ። የደመወዝ ዓምድ አልነበረኝም። ሠንጠረዡ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። የኪት ቤቶች ነውር ቃል አይፈቅዱም ነበር። እንደ «ስሎብ» ያለች ቀላል ስድብ የተናገረ እንደሚባረር የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ከመድረክ ጀርባ ይለጠፍ ነበር። ተማሪዎቼ ከዚህ ተነስተው «የዘመኑ ተመልካች ጨዋ ነበር» ይላሉ። ጨዋ ቢሆንማ ክልከላው ለምን አስፈለገ? ቃሉ የሚከለከለው ሰው ስለሚስቅበት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ይሰማል፤ ቀልዱን ግን ያስቆርጠዋል። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ይፈልጋልና።

በትርኢቶቹ ተራ ላይ ደግሞ ሁላችሁም ትሳሳታላችሁ። ዋናው ሰው መጨረሻ ላይ የሚወጣ ይመስላችኋል። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1913 የተከፈተውን ፓላስን ውሰዱ። ከቮድቪል ቤቶች ሁሉ የሚከበረው እሱ ነበር። የቤቱ መርሐ ግብር አዘጋጅ ጆርጅ ጎትሊብ ዘጠኝ ትርኢት እንዴት እንደሚደረደር በ1915 አስረድቷል። መጀመሪያ ንግግር የሌለው ትርኢት ይገባል፤ አክሮባት ወይም እንስሳ። ለምን? ሰው ገና እየገባ ነው፣ ወንበር ይንኳኳል፣ ቃል አይሰማም። የምሽቱ ኮከብ ስምንተኛው ነው። ዘጠነኛው ለዓይን ደመቅ ያለ ነገር መሆን አለበት፤ ሰው ኮቱን እያነሳ ነውና። ስለዚህ የመጀመሪያው ተራ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛ ጭብጨባ ያገኘ አክሮባት አልወደቀም። ግማሽ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያን ያህል ማግኘቱ ራሱ ጎበዝ ያሰኘዋል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ያውቃል። እናንተም የጭብጨባውን ወሬ ከመጻፋችሁ በፊት ተራውን እዩ።

መንጠቆውን ተዉት። እባካችሁ። አቅራቢን አንገቱን ይዞ የሚጎትተው ረጅም መንጠቆ የአማተር ምሽቶች ጨዋታ ነው፤ ስሙ የሚነሳውም ኒው ዮርክ ባወሪ ሠፈር ከነበረው ከማይነር ቴአትር ጋር ነው። በየሽፋናችሁ ላይ ሥዕሉን አትለጥፉ።

ተመልካች የሚወረውረው ቲማቲም ግን ታሪክ አለው። ቼሪ የሚባሉ እህትማማቾች ከአይዋ ገጠር ተነስተው መዝፈንና ድራማ መሥራት ጀመሩ። አልቻሉበትም፤ ያለመቻላቸው ዝና ግን ከእነሱ ቀድሞ ከተማ ይገባ ነበር። ኦስካር ሐመርስታይን በ1896 ብሮድዌይ ላይ ወዳለው ኦሊምፒያ ቴአትሩ ያመጣቸው ለዚሁ ነው። መጥፎ መሆናቸውን አሳምሮ ያውቃል። ሕዝቡ ሊጮህባቸውና አትክልት ሊወረውርባቸው ቲኬት ገዝቶ ገባ። እንግዲህ ንገሩኝ፣ ይሄ ትርኢት ወደቀ ወይስ አለፈ? ተመልካቹን ብትጠይቁ ከዚህ የባሰ የለም። ሣጥኑን ብትጠይቁ ገበያ ነው። እህትማማቾቹ ክፉኛ የዘለፋቸውን ጽሑፍ ያተመ የዲ ሞይን ከተማ ጋዜጣ ላይ ክስ መሥርተው እስከ አይዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። በ1901 ተረቱ። በሕዝብ ፊት የቆመ ሰው ትርኢቱ ቢተች፣ ቢሾፍበትም እንኳ፣ ሊችለው ይገባል ተባለ። ፍርዱ እስከ ዛሬ በስም ማጥፋት ሕግ ትምህርት ውስጥ ይነሳል። ስለ ቮድቪል ዳኝነት የሚጽፍ ሰው ይህን መዝለሉ ይገርመኛል።

«ሕዝቡ» ስትሉስ የትኛውን ነው? ላይኛው ሰገነት ርካሽ ነው፤ ያፏጫል፣ በእግሩ ወለል ይደበድባል። ኪት ይህን ለማስቆም ብዙ ደክሟል፤ እግርም ከዘራም አትምቱ የሚል ጽሑፍ ለተመልካች ያሳድል ነበር። በብዙ ቤቶች ጥቁር ተመልካች ሰገነት እንጂ ታች አይቀመጥም። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ «ቤቱ ወደደው» ሲል ማንን ቆጥሮ ነው? ስለ ጥቁር፣ ስለ አይሁድና ስለ አየርላንዳዊ አቅራቢዎች የጻፋቸውንም ቃላት የተመልካች ስሜት ብላችሁ አትገልብጡ። የራሱ ንቀት አብሮ ገብቶበታል። ፓላስ ላይ ደግሞ የሰኞ ከሰዓት ወንበር ላይ የሚቀመጠው በአብዛኛው የሙያው ሰው ነው፤ ወኪል፣ ቀጣሪ፣ ሌላ አርቲስት። «የኒው ዮርክ ሕዝብ» አትበሉት።

በ1905 የተመሠረተውን «ቫራይቲ» ጋዜጣ ስትጠቅሱ ሂስ ከሚጽፍባቸው አርቲስቶች ማስታወቂያም ይቀበል እንደነበር አትርሱ።

ዘመን አቆጣጠር ላይ ተጠንቀቁ። እኔ እዚህ ሁሉንም በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት። አምና አንዱ ጎበዝ ልጅ ግማሹን ወደእኛ ቀይሮ ግማሹን እንዳለ ተወው። በእሱ ወረቀት ላይ ፓላስ በ1905 ተከፈተ፣ መዳቢው ቢሮ በ1906 ተቋቋመ። ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ቢሮው ለፓላስ መክፈቻ አቅራቢዎችን ሲመድብ ይታያል፤ ሊቋቋም አንድ ዓመት ሲቀረው።