ሜታል ስለግ 2 ሲንቀራፈፍ

አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ጌም ቤት ኮምፒውተር ላይ የተጫነው የድሮ ተኩስ ጌሞች ስብስብ ሁለት ችግር ነበረበት። ሜታል ስለግ 2 ጠላት ሲበዛበት ይንቀራፈፋል፤ በሁሉም ጌሞች ደግሞ ዝላዩ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ዘግየት ብሎ ነው የሚመጣው።

መንቀራፈፉ የኮምፒውተሩ ድካም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ይህ ጌም በዋናው የኔኦ ጂኦ ማሽን (ጌሙ መጀመሪያ በተሠራለት የጌም መሣሪያ) ላይም እንዲሁ ነው። ስክሪኑ በወታደርና በፍንዳታ ሲሞላ ማሽኑ 12 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ይዞ ሥራውን በሰዓቱ መጨረስ ያቅተዋል፤ ኢሙሌተሩም (ያንን ማሽን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም) ያንኑ እንዳለ ይደግመዋል። ራም መጨመር እዚህ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው። መፍትሔው ሬትሮአርች በሚባለው የኢሙሌተሮች ማስኬጃ ፕሮግራም ላይ ጌሙን ፋይናልበርን ኒዮ በሚባለው ኮር (ኢሙሌተር) ከፍቶ፣ ከኩዊክ ሜኑ ኮር ኦፕሽንስ ውስጥ ሲፒዩ ክሎክን (የሚመሰለውን ፕሮሰሰር ፍጥነት) ከ100 ወደ 200 ፐርሰንት ማሳደግ፣ ከዚያ ጌሙን ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው። ለሌሎቹ ጌሞች 100 ላይ ይቆይ፤ ቅንብሩም ለዚህ ጌም ብቻ ይቀመጥ። ይህን መነካካት የማይፈልግ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን ሜታል ስለግ ኤክስ ይጫወት፤ የተሻሻለው ያው ጌም ነው፣ መንቀራፈፉም በብዙ ቀንሷል።

የዝላዩ መዘግየት በአብዛኛው ኮምፒውተሩ ከተገናኘበት ቴሌቪዥን የመጣ ነበር። የቴሌቪዥኑ ምስል ማሳመሪያ ጊዜ ስለሚወስድ ቴሌቪዥኑ ላይ ጌም ሞድ ይከፈት። ካልበቃ፣ ሬትሮአርች ላይ ሌተንሲ ውስጥ ራን አሄድ (ጌሙን ቀድሞ በማስላት መዘግየቱን የሚቀንሰው) 1 ፍሬም፣ ማለትም አንድ ምስል ይደረግ፤ ቁጥሩ ከበዛ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል።

ጌሙ ጭራሽ ካልከፈተ የኔኦ ጂኦ ባዮስ (የማሽኑ ማስነሻ ሶፍትዌር) ዚፕ ፋይል ከጌሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ መኖሩ ይታይ። ዚፑ አይፈታም፣ ስሙም አይቀየርም።