ደሴ ላይ የተነፋ የምግብ ማሸጊያ ሲያጋጥም የተበላሸውን እንዴት መለየት ይቻላል?

ከኮምቦልቻ በኩል የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የደረሰ የቺፕስ ከረጢት ሊፈነዳ እስኪመስል ተወጥሮ ሲታይ ብዙ ገዢ «ተበላሽቷል» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የከፍታ ጉዳይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በመሆኑም በቆላ የታሸገ አየር ወደ ደጋ ሲወጣ ከውጭ የሚጫነው ቀንሶለት ይለጠጣል። አዲስ አበባ የታሸገው፣ የሁለቱ ከተሞች ከፍታ ስለሚቀራረብ፣ ብዙም አይነፋም።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው፣ በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባለውን የውሃ ፕላስቲክ ደሴ ላይ ጠጥቶ ጨርሶ ክዳኑን አጥብቆ ይዝጋው፤ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ባቲ ሲወርድ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የማሸጊያውን ዓይነት ይለዩ። የቺፕስ ከረጢት ገና ከፋብሪካው በናይትሮጅን የሚሞላው ኦክስጅን ዘይቱን አበላሽቶ ጣዕሙን እንዳይለውጠው፣ ቺፕሱም በመንገድ እንዳይደቅ ነው። እንዲህ ያለው ከረጢት ቢወጠር ስጋት የለውም፤ ይልቅስ የሚያጠራጥረው የረገበው ነው፣ የሆነ ቦታ ተበስቶ ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ ጣሳውን ይመርምሩ፤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው እሱ ነው። በቱና ጣሳ ክዳን ላይ የሚታዩት ክብ መስመሮች ጌጥ ይመስላሉ እንጂ፣ የታሸገው ምግብ ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲበስል ክዳኑ ሳይጎዳ እንዲለጠጥ፣ ሲቀዘቅዝም ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያስችሉት እነሱ ናቸው። ክዳኑን በአውራ ጣት ይጫኑት። ደህናው ጠፍጣፋ ወይም በትንሹ የጎደጎደ ነው፤ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ተመልሶ የሚነሳ ወይም አብጦ ጭራሽ አልጫን ያለ ጣሳ ግን በውስጡ ባክቴሪያ ጋዝ ፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል፣ በደጋው አየር ማመካኘት አይገባም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያስከትለው መርዝ በጣዕም ላይታወቅ ስለሚችል ቀምሶ ለማረጋገጥ መሞከርም አደገኛ ነው። መጋጠሚያው ላይ የተጨረመተውንም ይተዉት።

አስቸጋሪው የእርጎ ክዳን ነው፤ ከፍታም ይነፋዋል፣ መበላሸትም ይነፋዋል። በአጠገቡ ከተደረደሩት ጋር ያስተያዩት፤ አንዱ ብቻ አብጦ ከተገኘ አይግዙት። ሁሉም እኩል ከተነፉ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ስንት ሰዓት እንደቆየ ባለሱቁን ይጠይቁት፤ መልሱ ካላረካዎ እርጎውን ወደ ቦታው ይመልሱት።