የክላሲክ ስፖርት መኪና ጭስ ማውጫ ተቀይሮ ችግር ሲመጣ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

በክላሲክ የስፖርት መኪና ላይ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ የጭስ ማውጫ ለውጥን ያህል ፈጥኖ የሚያስደስትና ፈጥኖ የሚያስቆጭ የለም። ባለቤቱ ማርሚታውን (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ሣጥን) አስነቅሎ ሰፊ ቱቦ ያስገጥማል፤ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ልብ ያሞቃል። ከሳምንት በኋላ ግን መኪናው ዳገት ላይ ይለግማል፣ ነዳጅ ሲለቀቅ (እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ) ይተኩሳል፣ ወይም ውስጡ ጆሮ በሚያደነቁር ጉምጉምታ ይሞላል። ያኔ ጥፋቱ በአዲሱ ማርሚታ ላይ ይጣላል። እኔ እስካየሁት ድረስ አብዛኛው ችግር የሚመነጨው በደንብ ካልተዘጋ መገጣጠሚያ፣ ለሞተሩ ከማይመጥን የቱቦ ስፋት ወይም ለአዲሱ አወጣጥ ካልተስተካከለ ካርቡሬተር (አየርና ነዳጅ ከሚቀላቅለው ዕቃ) ነው።

ምልክቶቹን የደረደርኳቸው በምርመራ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጭስ የሚሾልክበት ቦታ ይዘጋል፣ ቀጥሎ የቱቦው ልክና ነዳጁ ይታያሉ፣ ድምፅ መጨረሻ ላይ ይስተካከላል። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ሰው አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ይገዛል።

የጭስ ሽታ መኪናው ውስጥ ይገባል

ይህ ምልክት ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይ። መስኮቶቹን ከፍተው መኪናውን ያቁሙ፤ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስም አይንዱት። የሚሸተው ያልተቃጠለው ነዳጅና ዘይት ነው፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ድብታ ከተሰማዎት ጋዙ ሥራውን ጀምሯል።

በጣም የተለመደው መንስኤ ለድምፅ ሲባል አጥሮ ከመኪናው ሆድ ሥር የቀረ ቱቦ ነው። መኪና ሲሄድ ከኋላው ግፊቱ ዝቅ ያለ አየር ይፈጠራል፤ ያ አየር ጭሱን ወደ ራሱ ስቦ ባረጀው የኋላ ዕቃ ሳጥን ክዳን ጎማ በኩል ያስገባዋል። የቱቦው ጫፍ ከመከላከያው ውጭ መድረስና ከአካሉ ዞር ማለት አለበት። ከዚያ የሳጥኑ ክዳን ጎማ ይቀየር፤ በወለሉና ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ያሉ የሽቦ ቀዳዳዎችም ይደፈኑ።

በአየር የሚቀዘቅዘውን ፖርሽ 911 የያዘ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለበት። በዚህ መኪና የውስጥ ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ከሚያልፍ አየር ነው። የሙቀት መለዋወጫው ከውስጥ ከተበሳ ጭሱ በማሞቂያው መንገድ በቀጥታ ወደ ሹፌሩ ይመጣል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሲሞቅ ይጠፋል

ብዙዎች ይህን ድምፅ ሰምተው ቫልቭ ያስተካክላሉ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ በማኒፎልዱና (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ በሚሰበስበው ቱቦ) በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክዳን) መካከል ያለው ጠባብ ክፍተትም አብሮ ይዘጋል፤ ድምፁ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ለመለየት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ ነዳጅ ሰጥተው ያዳምጡ። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ድምፁ አብሮ ከበረታ ጭስ እየሾለከ ነው። ረዘም ያለ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ ይዘው ሌላውን በጓርኒሲዮኑ (በመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ዳር ቢያንቀሳቅሱ ቦታውን በትክክል ያገኙታል። ከቦታው አጠገብ የጥቀርሻ መስመር ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

መፍትሄው አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ ነው ብለው አይቸኩሉ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በማኒፎልዱ ፊት ላይ አጋድመው የክፍተት መለኪያ ቅጠል ከሥሩ ያስገቡ። ፊቱ ከተጣመመ በማሽን ካልተላገ በስተቀር የሚያስገቡት ጓርኒሲዮን ሁሉ ይቃጠላል። በርካሽ የሚሸጡ ሄደሮች (ማኒፎልዱን የሚተኩ የቱቦ ስብስቦች) ፊታቸው ከስስ ብረት ስለሚሠራ በብየዳው ሙቀት ገና ከመገጠማቸው በፊት የተጣመሙ ይሆናሉ። ሲያጠብቁ ከመሃል ወደ ዳር ይሂዱ፣ በአንድ ጊዜም አይጨርሱት። ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ያጥብቁ። የነሐስ ዳዶ ቢጠቀሙ ከዓመታት በኋላ ሲፈቱት ቡሎኑን አይሰብርብዎትም።

ነዳጅ ሲለቀቅ ይተኩሳል

አንዳንዱ ይህን እንደ ጌጥ ይወደዋል። በካርቡሬተር በሚሠራ ሞተር ላይ ለስላሳ ጉርምርምታ የሚያሳስብ አይደለም። እንደ ጠመንጃ የሚጮኸው ግን ማርሚታውን ከውስጥ የሚያፈርስ ፍንዳታ ነው።

ነዳጅ ሲለቀቅ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ድብልቅ እጅግ ጥቂት ስለሚሆን በወጉ አይቃጠልም፤ ጥሬውን ወደ ጋለው ቱቦ ያልፋል። እዚያ ኦክስጅን ካገኘ ይፈነዳል። ኦክስጅኑ የሚመጣው ደግሞ ባልተዘጋ መገጣጠሚያ በኩል ነው። በሁለት የጭስ ምቶች መካከል በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ስለሚወርድ ጭስ የሚያስወጣ ቀዳዳ ሁሉ አየርም ያስገባል። ስለዚህ መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹን ከማኒፎልዱ እስከ ማርሚታው ድረስ ይፈትሹ። ሁሉም ደህና ከሆኑ የሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ ያለው) ድብልቅ ነዳጅ አንሶት ወይም የካንዴላው እሳት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ በጭስ ማውጫው በኩል መተኮሱን ትቶ በካርቡሬተሩ በኩል የሚያስነጥስ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያ የነዳጅ ማነስ ምልክት ነው፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ድምፁ አማረ፣ መኪናው ግን በዝቅተኛ ዙር ጉልበት አጣ

በዚህ ላይ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል። "ሞተር ወደ ኋላ የሚገፋው ግፊት ያስፈልገዋል" የሚለውን ያልሰማ የለም። ሞተር ጭሱን የሚያግድበት ግፊት በፍጹም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የጭሱ ፍጥነትና በትክክለኛው ቅጽበት ተመልሶ የሚደርስ የመሳብ ሞገድ ነው።

የማስወጫው ቫልቭ ሲከፈት የግፊት ሞገድ በቱቦው ውስጥ ይሮጣል። ቱቦው በድንገት የሚሰፋበት ቦታ ሲደርስ ተገልብጦ የመሳብ ሞገድ ሆኖ ይመለሳል። ይህ ሞገድ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮች አብረው በተከፈቱበት አጭር ጊዜ ከደረሰ የቀረውን ጭስ ስቦ አዲሱን ድብልቅ ያስገባል። ዘግይቶ ወይም ቀድሞ ከደረሰ ግን ሥራውን ያበላሻል። ሞገዱ በየትኛው ዙር (የሞተሩ የመሽከርከር ፍጥነት) ላይ በሰዓቱ እንደሚደርስ የሚወስነው የቱቦው ርዝመት ሲሆን፣ ስፋቱ ደግሞ የጭሱን ፍጥነት ይወስናል።

የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የነበረ ቱቦ በ63 ሚሊሜትር ሲተካ ለውጡ ለዓይን ትንሽ ነው። የመተላለፊያው ስፋት ግን ወደ 59 በመቶ ይጨምራል፤ የጭሱ ፍጥነት ደግሞ ወደ 37 በመቶ ይወድቃል። ውስጡ ያልተነካ 1800 ሲሲ አካባቢ ሞተር ይህን ያህል ቱቦ የሚሞላበት ጭስ የለውም። በከፍተኛ ዙር ጥቂት ያገኛል፤ በየቀኑ በሚነዳበት ከ1500 እስከ 3500 ዙር ባለው ክልል ግን ይሰንፋል። መፍትሄው የሚያሳዝን ቢሆንም ግልጽ ነው፤ ወደ ጠበበው ቱቦ ይመለሱ። ሰፊው ቱቦ የሚጠቅመው ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ ቴስታታውና ካርቡሬተሩ አብረው ሲለወጡ ነው።

የሄደሩ አደረጃጀትም ይታይ። አራት ሲሊንደር ሞተር የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ከሆነ፣ አራቱ ቱቦዎች መጀመሪያ ሁለት ከዚያም አንድ በሚሆኑበት ሄደር ላይ 1 ከ4፣ 2 ከ3 ጋር መጣመር አለባቸው፤ ያኔ ምቶቹ አይጋጩም። አራቱም በአንድ ቦታ የሚገናኙበት ሄደር ለከፍተኛ ዙር ያደላል፤ ለመንገድ መኪና የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። በስድስት ሲሊንደር ቀጥ ያለ ሞተር ደግሞ የፊተኞቹ ሦስትና የኋለኞቹ ሦስት ለየብቻ ይሰበሰባሉ። የጃጓር ኢ-ታይፕ ስድስት ሲሊንደር ከፋብሪካ የወጣው በሁለት ማኒፎልድና በሁለት ቱቦ ነው፤ እያንዳንዱ ቱቦ ምቶቹን በእኩል ርቀት ይቀበላል። ያን ነቅሎ ሁሉንም ወደ አንድ ቱቦ መጨፍለቅ ጉልበትንም ያን የሚያምር ድምፅንም ያበላሻል።

ጉልበት የጠፋው በዝቅተኛ ዙር ሳይሆን በከፍተኛ ዙር ከሆነ ግን ቱቦው ታፍኖ ይሆናል። የቫኪዩም መለኪያ በማስገቢያ ማኒፎልዱ ላይ ይግጠሙና ሞተሩን በ2500 ዙር ያቆዩት። ንባቡ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ በማርሚታው ውስጥ ያለ ግድግዳ ተሰብሮ መንገድ ዘግቷል።

ካንዴላው ነጭ ነው፣ ሞተሩም ይግላል

ጭስ በቀላሉ ሲወጣ አየር በብዛት ይገባል። ካርቡሬተሩ ግን የተስተካከለው ለቀድሞው አወጣጥ ስለሆነ ድብልቁ ነዳጅ ሊያንሰው ይችላል። ጤነኛ ካንዴላ ቡናማ ቀለም ይይዛል፤ ነጭ ሲሆን ነዳጅ አንሷል፣ ጥቀርሻ ሲለብስ በዝቷል። ነዳጅ ባነሰው ድብልቅ በሙሉ ጉልበት መንዳት ፒስተን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ካንዴላውን ሳያዩ ረጅም መንገድ አይውጡ።

በዌበር ካርቡሬተር የነዳጅ ጄቱ (ነዳጁን የሚመጥነው ቀዳዳ) አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። በኤስዩ ካርቡሬተር ደግሞ መርፌው በሌላ ቅርጽ ይቀየራል፤ ጄቱን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ሚኒሞውንም ጨምሮ ሁሉንም ያወፍራል። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ካለዎት በሙሉ ጉልበት ለ1 እጅ ነዳጅ ከ12.5 እስከ 13 እጅ አየር ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። መሣሪያው "ነዳጅ አንሷል" ሲለኝ ሁለት ጊዜ ጄት ቀየርኩ፤ ካንዴላዎቹ ጠቆሩ፣ ንባቡ ግን አልተለወጠም። ከመለኪያው በፊት የነበረ አንድ መገጣጠሚያ አየር እያስገባ መሣሪያውን ያታልለው ነበር። ቀዳዳው ሲዘጋ የመጀመሪያዎቹ ጄቶች ትክክል ሆነው ተገኙ።

ይንኳኳል፣ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ይዝጋል

ሞተር በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ቱቦው አብሮ ካልተወዛወዘ ወይ ሻሲውን ይመታል ወይ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። 3 ሜትር የማይዝግ ብረት ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 15 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ተራው ብረት ወደ 11። የተሰነጠቀውን ደጋግሞ መበየድ ትርፉ ድካም ነው። የደረቁትን የማንጠልጠያ ጎማዎች ይቀይሩ፣ ከሞተሩ አጠገብ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ያስገቡ፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አላልተው ቱቦውን በቦታው ካሳረፉ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ ያጥብቁ።

ዝገት ከውስጥ ይጀምራል። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይፈጠራል፤ በአጭር ጉዞ ማርሚታው ስለማይሞቅ ውኃው እዚያው ይተኛል። በማርሚታው ዝቅተኛ ቦታ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይብሱ፣ መኪናውንም በደንብ እስኪሞቅ ይንዱት። በሄደር ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ ሙቀት ቢይዝም እርጥበትም ይይዛል፤ ተራ ብረት ላይ አልመክረውም።

ድምፁ ሸካራ ሆነ፣ ወይም ውስጡ በጉምጉምታ ይሞላል

ሁለቱ ተቃራኒ ችግሮች ናቸው። ቀጭኑን፣ የብረት ድምፅ ያለውን ጩኸት የሚውጠው በውስጡ የመስታወት ጭረት (ፋይበርግላስ) የታጨቀበት ማርሚታ ነው። ጭረቱ በጊዜ ብዛት ተቃጥሎ ይወጣል፤ ድምፁ ከወራት በኋላ ከሸከረ ማርሚታው ይከፈትና እንደገና ይታጨቅ።

ዝቅተኛውን ጉምጉምታ ግን ጭረት አይነካውም። አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲሠራ በሰከንድ 100 ጊዜ ይተኩሳል፤ የመኪናው ክፍል ለዚያ ድምፅ የሚያስተጋባ ከሆነ በዚያ ፍጥነት ጉዞው ሥቃይ ነው። ፍቱኑ መድኃኒት ከዋናው ቱቦ ጎን የሚበየድ፣ ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ነው። ሞገዱ ገብቶ ሲመለስ ከዋናው ጋር ተቃርኖ ያጠፋዋል፤ የጭሱንም መንገድ አይዘጋም። ርዝመቱ የሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ ነው። በ300 ዲግሪ ጭስ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 480 ሜትር ስለሚሄድ ለ100 ምት 1.2 ሜትር ይሆናል።

ከመበየድዎ በፊት ግን ጉምጉምታው የሚበረታበትን ዙር በመንገድ ላይ በትክክል ይመዝግቡ። ጭስ በተደፈነው ቅርንጫፍ ውስጥ ስለማይፈስ እዚያ ያለው ጋዝ ይቀዘቅዛል፤ በ200 ዲግሪ ርዝመቱ ወደ 1.09 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ጫፉን ወዲያው አይበይዱት። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንሸራተት መድፈኛ በማሰሪያ ይያዝ፤ በየ2 ሴንቲሜትሩ እያንቀሳቀሱ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ማርሽ፣ መስኮት ዘግተው ይንዱ። ጉምጉምታው የሚጠፋበት ቦታ ሲገኝ ምልክት ያድርጉ፣ ትርፉን ይቁረጡና ጫፉን ይበይዱት።