ኮንግረስ «አጸደቀ» ሲባል የቱን ነው ያጸደቀው?

እሁድ ቡና ላይ «ኮንግረስ ለጦሩ ይህን ያህል ቢሊዮን አጸደቀ» የሚል ወሬ ከተነሳ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የፔንታጎን ቁልፍ እጄ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። ቁልፍ የለኝም፤ ግን ሰነዱ ለማንም ክፍት ነው። አነባበቡን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ አንድ የጦር መሣሪያ ብቻ ምረጡ። ሁሉንም ልከታተል ካላችሁ በሳምንቱ ትተዉታላችሁ። የፕሬዚዳንቱ በጀት ለኮንግረስ ሲላክ ፔንታጎን ፒ-1 የሚባል የግዢ ሰንጠረዥ ያወጣል። ስንት ታንክ፣ ስንት አውሮፕላን፣ በስንት ዶላር እንደተጠየቀ እዚያ አለ። መሣሪያው ገና ምርምር ላይ ከሆነ አር-1 የሚባለውን የምርምር ሰንጠረዥ እዩ።

ሰው የሚምታታው ቀጥሎ ነው። ኮንግረስ የሚወስነው ሁለቴ ነው። የጦር ኃይሎች ኮሚቴዎች የሚያዘጋጁት ዓመታዊው የመከላከያ ሕግ «ግዙ» ይላል፤ ገንዘብ ግን አይሰጥም። ገንዘቡን የሚሰጠው የበጀት ድልድል ኮሚቴዎች የሚያወጡት ሌላ ሕግ ነው። ቴሌቪዥኑ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ስለ መጀመሪያው ነው።

የመጀመሪያው ሕግ እጅግ ረጅም ስለሆነ በቀጥታ «ዲቪዥን ዲ» ወደሚባለው ክፍል ሂዱ። ሰንጠረዦቹ እዚያ ናቸው፤ አንዱ ዓምድ የተጠየቀውን፣ ጎኑ ያለው የተፈቀደውን ያሳያል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ጨዋታው እዚያ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2012 የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሬይ ኦዲየርኖ ለአብራምስ ታንክ ተጨማሪ ገንዘብ አያስፈልገንም ብለው ነበር። ኮንግረስ ግን ጨመረ። ፋብሪካው ያለው ላይማ፣ ኦሃዮ ነው፤ ቢዘጋ ሥራ የሚያጡት መራጮች ናቸው። ጄኔራሉ ደግሞ በኦሃዮ ሕዝብ አልተመረጡም!

የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ድልድሉ ካልደረሰ በጊዜያዊ በጀት ይሠራል፤ ያኔ አዲስ ግዢ መጀመር በአብዛኛው ክልክል ነው። ድልድሉ ከወጣ በኋላም አትቸኩሉ። የግዢ ገንዘብ ውል ለመፈራረም 3 ዓመት ይቆያል፤ የመርከብ ሲሆን 5።

ውሉ ሲፈረም ለማወቅ በሥራ ቀን፣ በዋሽንግተን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ የፔንታጎንን ድረ ገጽ ክፈቱ። ትልልቅ ውሎች እዚያ ይለጠፋሉ። ኩባንያው፣ መጠኑ፣ ሥራው የሚሠራበት ከተማ ይጻፋል። ገንዘቡ የየትኛው ዓመት በጀት እንደሆነም አብሮ አለ። እኔ ከዶላሩ በፊት የማየው ከተማውን ነው።