ቦቱ «3 ሰዓት»ን 15:00 ብሎ ሲመዘግብብኝ

ለውበት ሳሎናችን ቀጠሮ የሚቀበል የቴሌግራም ቦት ሠራሁ። መልእክቱን ቻትጂፒቲ ያነበዋል፤ ቀጠሮው ጉግል ካላንደር ላይ ይገባል። አንዷ ደንበኛ «ነገ 3 ሰዓት» ብላ ጻፈች። ካላንደሩ 15:00 ብሎ ያዘላት። ጠዋት ስትመጣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። በጣም አፈርኩ።

የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አደረግኩ፤ ለውጥ የለም። ለቻትጂፒቲ የሰጠሁት መመሪያ ላይ «በሐበሻ ሰዓት ቁጠር» ብዬ ጨመርኩ። አንዳንዴ ይቀይራል፣ አንዳንዴ ይረሳል። ይሄ ባሰ፤ የቱን እንደምናምን ጠፋን። 4 ቀን እንዲሁ አለቀ።

በመጨረሻ የሠራልኝ ስሌቱን ከቻትጂፒቲ ላይ ማንሳት ነው። አሁን ቁጥሩንና «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ» የሚለውን ብቻ ያወጣል። ቁጥሩ ላይ 6 የሚደምረው አፕስ ስክሪፕት (የጉግል ኮድ መጻፊያ) ነው፤ ለማታ 18። 12 ሰዓትን እንደ 0 ቁጠሩት፤ አለዚያ ጠዋት 12 ሰዓት 18:00 ላይ ይገባል። ደንበኛዋ ጠዋት፣ ከሰዓት ወይም ማታ ካላለች ቦቱ መልሶ ይጠይቃታል።