ፓይለቱ እንቢ ሲል፦ የአርቪ ኦቨን ስንለኩስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሊጡ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፍቶታል። የሙዝ ቅጠሉ ታጥቦ ተነጥፏል። እኔ ኦቨኑ ፊት ተንበርክኬ፣ ባትሪ የበራበትን ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ አስራ ምናምነኛዋን ክብሪት እጭራለሁ።

«ልጄ፣ ይሄ ምድጃ አኩርፏል መሰለኝ» አሉ አማቴ።

«አይደለም እማዬ፤ አንድ አፍታ ይታገሱኝ።»

አንድ ሰዓት ከሩብ ታገሱኝ።

ቦታው ቨርጂኒያ ነው፤ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ካምፕ። ተራራ ላይ ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ1000 ሜትር በላይ። ለአርቪ (መኪና ላይ ለተሠራ ወይም በመኪና ለሚጎተት ቤት) የሚሰካ ኤሌክትሪክ የለውም። ስለዚህ ማይክሮዌቩ ጌጥ ነው፤ ያለን ጋዝ ብቻ ነው። ጊዜው የሌበር ዴይ (የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) እረፍት ነበር። እንቁጣጣሽ ሳምንት ስለቀረው ድፎ ዳቦው የበዓሉ ቀብድ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያንን ኦቨን ብዙ ጊዜ ለኩሼዋለሁ። ምን ምን እንዳጠፋሁ ስቆጥረው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከችኮላ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ስለየትኛው ኦቨን እንደማወራ ላስረዳ። ፓይለት የሚባለው ሁልጊዜ የሚበራ ትንሽ ነበልባል ነው። ሥራው ዋናውን እሳት መለኮስ ነው። ብዙ አርቪዎች ላይ እሱን የምንለኩሰው በእጃችን ነው። አዳዲሶቹ ላይ ራሱ ብልጭ የሚል መለኮሻ አለ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ቋሚ ፓይለት የላቸውም። የናንተ የትኛው እንደሆነ በሩን ስትከፍቱ ከሚታየው ጽሑፍ ወይም ከመመሪያው እዩ። መመሪያው የሚለውና እኔ የምለው ከተለያዩ መመሪያውን ስሙ።

ሲሊንደሩን በአንዴ መበርገድ

ተጎታች ቤት ከሆነ ሲሊንደሩ ከፊት፣ ከመጎተቻው ብረት ላይ ተቀምጧል። ሰው ደክሞት ይደርስና ቫልቩን እንደ ቧንቧ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ያዞረዋል። ችግሩ፣ የሲሊንደሩ ማያያዣ ውስጥ ጋዝ በድንገት ሲፈስ «ቱቦ ተበጥሷል» ብሎ ፍሰቱን የሚያንቅ መከላከያ አለ። በፍጥነት ስትከፍቱ እሱ ይነቃል። ከዚያ በኋላ ጋዝ አለ፣ ግን የለም። የላይኛው ምድጃ እንደ ጧፍ ጭል ጭል ይላል፣ ፓይለቱማ ጭራሽ አይታሰብም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ምድጃውንና ኦቨኑን አጥፉ፤ ሲሊንደሩን ዝጉ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ ቫልቩን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱት። የኔ የመጀመሪያው ጥፋት ይሄ ነበር። ሲሊንደሩ አልቆ መስሎኝ በጨለማ ሌላውን ሙሉ ሲሊንደር ገጠምኩ፤ እሱንም እንደዚያው በርግጄ ከፈትኩት።

ከኦቨኑ መጀመር

ሲሊንደር ከተቀየረ ወይም አርቪው ወራት ከቆመ በኋላ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። ያ አየር ወጥቶ እስኪያልቅ ጋዝ አይደርስም። የፓይለቷ ቱቦ ደግሞ እንደ ስፒል ቀጭን ናት፤ በእሷ በኩል አየሩን እናስወጣ ካልን ጉልበታችን ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መስኮት ክፈቱና የላይኛውን ምድጃ ለኩሱ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ አጥፉትና ወደ ኦቨኑ ውረዱ። ጀበናውን ቀድማችሁ ጣዱበት፤ እግረ መንገዱን ቡናም ይደርሳል።

ማዞሪያውን ቶሎ መልቀቅ

ብዙዎቹ ኦቨኖች ላይ ማዞሪያውን «ፓይለት» ወደሚለው ታዞሩና ወደ ውስጥ ተጭናችሁ ትይዛላችሁ። ነበልባሏ ከበራች በኋላም መልቀቅ የለም። አጠገቧ ሙቀት የምትለካ ቴርሞካፕል የምትባል ዘንግ አለች። ዘንጓ ካልሞቀች የጋዙ በር ክፍት ሆኖ አይቆይም፤ እጃችሁን ስታነሱ ነበልባሏ እልም ትላለች።

ስንት ጊዜ ይያዝ? መመሪያዎቹ በሰከንድ ይቆጥራሉ፤ እንደ ኦቨኑ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ነው። አማቴ የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሳይቸኩሉ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ያደርሳሉ፣ ከዚያ «በል ልቀቀው» ይላሉ። ከስልኬ ሰዓት የበለጠ አምነዋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሰከንድ ሲቆጥር ይሮጣል።

ዋናው እሳት ወዲያው ካልመጣ ተበላሽቷል ማለት

ያን ቀን አንድ ሰዓት ከሩብ የበላኝ ይሄኛው ነው። ፓይለቷ በርታለች። ማዞሪያውን 350 ፋራናይት ላይ አደረግኩት። ምንም። ቤት ያለው ኦቨን ወዲያው «ፉ» ይላል፤ ይሄ ዝም። አጠፋሁት። እንደገና ለኮስኩ፣ እንደገና 350፣ እንደገና ዝም። ስንቴ እንደደጋገምኩት አላውቅም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ማዞሪያው ሙቀት ላይ ሲደረግ ፓይለቷ መጀመሪያ ራሷ ትረዝማለች። የረዘመችው ነበልባል ሌላ የሙቀት መለኪያ ትልሳለች። እሷ በደንብ ስትግል ብቻ ነው የዋናው እሳት የጋዝ በር የሚከፈተው። ይህ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይፈጃል። ብልሽት አይደለም። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለኳሿ እሳት ሳትኖር ዋናው ጋዝ እንዳይለቀቅ። እኔ መለኪያዋ ልትግል ስትል እያጠፋሁባት፣ በየጊዜው ከዜሮ አስጀምራት ነበር።

የተገለጠልኝ ብልህ ሆኜ አይደለም። ደክሞኝ ነው። ፓይለቷ በርታ፣ ማዞሪያው 350 ላይ እንዳለ፣ ቁምሳጥኑን ተደግፌ ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ። የኦቨኑ በር ክፍት ነበርና ነበልባሏን አያታለሁ። ነጠላዬን ልሰብስብ ሲሉ ሰው እንደሚመጣው፣ እኔም «በቃ ዳቦው ቀረ» ልል አፌን ስከፍት «ፉፍ» አለ። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ እሳት።

«አየህ፣ ኩርፊያው ለቀቀው» አሉ እማዬ።

ስለዚህ ከጠበቃችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ግን ነበልባሏን እያያችሁ። ከጠፋች ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላም ዋናው እሳት ካልመጣ ዝጉት።

ጋዙን ሳይዘጉ ክብሪት መደጋገም

እስካሁን ያልኩት ዳቦ የሚያዘገይ ነው። ይሄ ግን ሰው የሚያቃጥል ነው።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ፕሮፔን፣ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። ወደ ላይ አይሄድም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል። ኦቨን ደግሞ ሳጥን ነው። አየር ውስጥ ያለው ፕሮፔን ከ2 እስከ 9.5 በመቶ ገደማ ሲሆን ይቀጣጠላል። ለዚያ ጠባብ ሳጥን ይህ ብዙ ጋዝ አይደለም። ማዞሪያውን ተጭናችሁ ክብሪት ስትፈልጉ፣ ክብሪቷ ስትጠፋ፣ ሌላ ስትጭሩ፣ ጋዙ ይጠራቀማል። ያቺ የመጨረሻዋ ክብሪት ስትበራ «ድፍ» ትላለች። የኔ ቀኝ ክንድ ላይ ለሁለት ሳምንት ፀጉር አልነበረም፤ ፊቴን ዞር ባላደርግ ቅንድቤም አብሮ ይሄድ ነበር። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ጠባብ አርቪ ውስጥ ቶሎ አይወጣም። ልጄ እስካሁን «የበግ ጭንቅላት የተጠበሰ ቀን» ትለዋለች።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። በሩን ክፈቱ፣ አሽትቱ። ረጅም አንገት ያለውን ላይተር አብሩና ፓይለቷ ዘንድ አድርሱ። ከዚያ ነው ማዞሪያውን የምትጫኑት። እሳት ይቀድማል፣ ጋዝ ይከተላል። ፊታችሁን ወደ ጎን አድርጉ። በጥቂት ሰከንድ ካልበራ ዝጉ፣ በሩን ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ አናፍሱት። አምስት ደቂቃ ስል አምስት ደቂቃ ነው። ያቺ አጭር የሲጋራ ላይተርም ለዚህ ሥራ አትሆንም፤ እጅን እስከ ክርን ታስገባለች።

የሚያፈስበትን ቦታ በክብሪት መፈለግ

እንዲህ የሚያደርግ አለ? አለ። የሳሙና ውሃ በስፖንጅ መገጣጠሚያው ላይ ቀቡ፤ ካፈሰሰ አረፋ ይነፋል። ጋዙ ውስጥ የሚጨመረው የገማ እንቁላል ሽታ አርቪውን ከሞላው ደግሞ መመርመር የናንተ ሥራ አይደለም። መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ሰዉን ይዛችሁ ውጡ፣ ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጉ፣ ከራቃችሁ በኋላ ደውሉ።

ወለል አጠገብ የተገጠመችው የጋዝ ማስጠንቀቂያም አለች። ታች የተደረገችው ጋዙ ታች ስለሚተኛ ነው። ዕድሜዋ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው፤ ቀኑ ብዙ ጊዜ ከጀርባዋ ተጽፏል። እኛ አርቪውን ስንገዛ የእሷ ጊዜ ካለፈ ቆይቶ ነበር። የሸጠልን ሰው ሽቦዋን ነቅሎ ነበር፤ «ስለምትረብሽ»።

ኦቨኑን ማሞቂያ ማድረግ

ሸናንዶዋ ሌሊት ይበርዳል። ኦቨኑን ከፍቶ መተኛት ያምራል። ከሰል ለኩሰው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ጠዋት ምን እንደሆኑ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ይሄን መስበክ ባላስፈለገን ነበር። ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከሰሉ ቢያንስ ጭስና ሽታ አለው፤ የጋዙ ምንም አይሸትም። ስትጋግሩም ቢሆን የላይኛውን ማራገቢያ አብሩ፣ መስኮት በጣት ያህል ክፈቱ። ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ከጋዙ ይለያል፤ ሁለቱም መኖራቸውን አረጋግጡ። አንዳንዱ መሣሪያ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይሠራል።

የነበልባሉን ቀለም አለማየት

ሰማያዊ ከሆነ ደህና። ቢጫ ሆኖ የሚወላወልና ጥላሸት የሚተው ከሆነ አየሩ አልተመጣጠነም። አንዱ የተለመደ ምክንያት ሸረሪት ነው። የጋዙ ሽታ ይስባቸዋል ይባላል፤ አርቪው ክረምቱን ቆሞ ሲያሳልፍ ቱቦው ውስጥ ድር ያደራሉ። ሽቦ አታስገቡበት፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

እየነደደ መንዳት

ፓይለቱ በርቶ ነዳጅ ማደያ መግባት ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ከመነሳታችሁ በፊት ፓይለቱን አጥፉ፣ ሲሊንደሩንም ዝጉ።

ከዲሲ አካባቢ ወደ ፊላደልፊያ ወይም ኒውዮርክ ለምትወጡ ደግሞ አንድ ነገር አለ። የባልቲሞር ሁለቱ ዋሻዎች፣ ፎርት መክሄንሪና ሃርበር፣ ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ሲሊንደር የጫነ መኪና አያሳልፉም። የተለመደው የአርቪ ሲሊንደር 20 ፓውንድ ነው። መዝጋቱ ብቻ አያድንም። ድሮ በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞር ነበር፤ እሱ በማርች 2024 መርከብ ገጭቶት ፈረሰ። አሁን በ695 አውራ ጎዳና ከተማዋን በምዕራብ ዞሮ መሄድ ነው። ጂፒኤሱ ይሄን አይነግራችሁም፤ ዋሻው አፍ ላይ ካለው ሠራተኛ መስማት ደግሞ ደስ አይልም።

ቀዳዳዎቹን በፎይል መሸፈን

ዳቦው ከሥር እንዳያር ብሎ የኦቨኑን ወለል በፎይል የሚያለብስ ሰው አለ። እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የሙቀትና የአየር መተላለፊያ ናቸው፤ ሲታፈኑ እሳቱም ይበላሻል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይጨምራል። ከሥር እንዳያር የሸክላ ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደሪያው ላይ አድርጉ፤ ዙሪያውን ክፍተት ተዉለት። ከቤት ሳትወጡም ትሪውን በሜትር ለኩ። የአርቪ ኦቨን ጠባብ ነው፤ የአማቴ ትሪ በሩ ላይ ቀርቶ ድፎው ለሁለት ተከፍሎ ነው የገባው።

ያን ቀን ድንጋይም አልነበረን። ዳቦው ሲወጣ ከላይ ነጣ፣ ከሥር ከሰል። አማቴ ገልብጠው የሙዝ ቅጠሉን ላጡ፣ ያረረውን በቢላ ፋቁ፣ ደህናውን ቆርሰው ሰጡኝ።

«አንተ እሳቱን ተወው» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ሁለተኛው ግማሽ ኦቨን ውስጥ ነበር። ፓይለቱን ራሳቸው ለኩሰውታል። ስንት ጊዜ ፈጀ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሁለት አቡነ ዘበሰማያት።»