የመጀመሪያ ጌምዎን በገበጣ ይጀምሩ፦ ለወሎ ጀማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ወጣት ጌም ልሥራ ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው ያው ጠመዝማዛ መንገድ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። እኔም የጀመርኩት ከዚያ ነበር። ኩርባው፣ ጉሙ፣ ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋው ከባድ መኪና፣ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የታሰረው ጆንያ፣ ሁሉም እንዲኖር ፈለግሁ፤ ከአራት ወር በኋላ በእጄ የነበረው ግን ጎማው አስፋልቱ ውስጥ እየሰመጠ የሚቆም አንድ መኪና ብቻ ነበር። ሥራው የከሸፈው ከስንፍና አልነበረም። የመኪና እንቅስቃሴን በስሌት ማስመሰል፣ ተራራን በሦስት አቅጣጫ መቅረጽ፣ ድምፅ ማቀናበርና ኮድ መጻፍ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሙያ የሚባሉ ሥራዎች ሆነው ሳለ፣ አንዱንም የማላውቅ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለ ጀመርኩ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ጀማሪውን ወደ ገበጣ ይመራዋል። ገበጣ ከአንድ ስክሪን አይወጣም፤ ሠዓሊ አይጠይቅም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ስልክ ተራ በተራ ሊጫወቱት ይችላሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕጉን የሚያውቁ ሰዎች በአካባቢዎ አሉ። በትንሽ መጀመር የሚያሳፍር መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያ ያወጣው ፖንግ የተባለው ጌም መጀመሪያ ለአዲሱ ሠራተኛ ለአለን አልኮርን እንደ መለማመጃ የተሰጠ ሥራ እንደ ነበር ቢያስታውስ መልካም ነው። በሌላ በኩል ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ስታርዲው ቫሊ የተባለው ጌም ከአራት ዓመት በላይ ወስዶበታል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው የትልቅ ጌም ዋጋ ይህን ያህል መሆኑን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

መሣሪያ መምረጥ

ጌም ኢንጂን የሚባለው ምስል ማሳየትን፣ ድምፅ ማጫወትን፣ የጣት ንክኪ መቀበልንና የመሳሰሉትን ሥራዎች አስቀድሞ ሠርቶ የሚያቀርብ ሶፍትዌር ነው። ዩኒቲ የተባለው ኢንጂን በሲ ሻርፕ የኮድ ቋንቋ፣ አንሪል ደግሞ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋና ብሉፕሪንት በተባለው የሥዕል ኮድ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ኃይለኞች ናቸው፤ ነገር ግን ዲስክም ራምም ይበላሉ። ለጀማሪ፣ በተለይም አሮጌ ላፕቶፕ ላለው፣ እኔ የምመርጠው ጎዶትን ነው። ጎዶት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ምንጭ ኮዱ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ፣ ክፍያም ሆነ የገቢ ድርሻ የማይጠይቅ ኢንጂን ነው። ታምቆ የሚወርደውን ዚፕ ፋይል ከፈቱት በኋላ ሳይጭኑት ይሠራል፤ በመሆኑም አንድ ሰው ካወረደው ጓደኞቹ ከፍላሽ ላይ ሊገለብጡት ይችላሉ። የማስተማሪያ ሰነዱም ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ተዘጋጅቶ ስለሚወርድ አብረው ያስቀምጡት።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አዲስ ፕሮጀክት ሲከፍቱ የምስል አሠራሩን እንዲመርጡ ይጠየቃሉ፤ ላፕቶፕዎ የቆየ ከሆነ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ይምረጡ፤ አለዚያ ገና ሳይጀምሩ ጥቁር ስክሪን ሊገጥምዎ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጌሙን ለሌሎች አውጥቶ ለመስጠት የሚያስፈልጉት ኤክስፖርት ቴምፕሌት የተባሉት ፋይሎች ከኢንጂኑ ይልቅ እጅግ የከበዱና አንድ ጊጋባይት ገደማ ስለሆኑ፣ ጥሩ ኢንተርኔት ባገኙበት ቀን አስቀድመው ያውርዷቸው። ሦስተኛ፣ ላፕቶፕ የሌለው ሰው በጎዶት የአንድሮይድ ቅጂ በስልክ መጀመር ይችላል፤ ነገር ግን በጠባብ ስክሪን ላይ ኮድ መጻፍ ትዕግሥትን ይፈትናል። ዕድሜው ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ስክራች የተባለውን፣ በአማርኛም የሚከፈተውን የልጆች የኮድ መለማመጃ እንዲሞክር እመክራለሁ።

ከኮድ በፊት ወረቀት

ላፕቶፑን ከመክፈትዎ በፊት ገበጣ የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ዘንድ ይሂዱ። የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ፣ አንዳንዴም ከቤት ቤት ይለያያል፤ የረድፉ ብዛት፣ የጠጠሩ ቁጥር፣ ማን መቼ እንደሚበላ አንድ ዓይነት አይደለም። ሽማግሌ ተቀምጦ ሕጉን ከላይ እስከ ታች አይዘረዝርልዎትም፤ «አባባ፣ ሕጉ ምንድን ነው?» ቢሏቸው «ተጫወት፣ ታየዋለህ» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። ስለዚህ አብረው ይጫወቱና ነገሩ ሲደርስ ይጠይቁ፦ «አሁን የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ቢወድቅስ፣ አባባ? ባላጋራዬ በረድፉ ምንም ጠጠር ባይኖረውስ?» መልሱን በአንድ በአንድ ይጻፉ። ኮምፒውተር «ያን ጊዜማ ይታወቃል» የሚባል ነገር አይገባውም፤ ሽማግሌው በልማድ የሚሞሉትን ክፍተት ሁሉ እርስዎ በጽሑፍ መሙላት አለብዎት። የጌም ዲዛይን ሥራ ግማሹ እዚህ ላይ ያልቃል ብል ከእውነት አልራቅሁም።

ለዚህ መመሪያ ያህል ቀለል ያለ ሕግ እወስዳለሁ፦ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር፣ በድምሩ 48 ጠጠር። ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ መርጦ ጠጠሩን ሁሉ ያነሣና በቀጣዮቹ ላይ አንድ በአንድ ያድላል። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈ ያንን አንሥቶ ማደሉን ይቀጥላል፤ ባዶ ላይ ካረፈ ተራው ያበቃል። የአበላሉን ሕግ ከሽማግሌዎቹ ይውሰዱ።

ሰሌዳውን ወደ ቁጥር መለወጥ

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሰሌዳውን በመሣል ሲጀምር ነው። ለኮምፒውተር ገበጣ ማለት 12 ቁጥሮች የተደረደሩበት ዝርዝር ብቻ ነው። ጉድጓዶቹን ከ0 እስከ 11 ይቁጠሯቸው፤ ከ0 እስከ 5 የአንዱ፣ ከ6 እስከ 11 የሌላው ተጫዋች ይሁኑ። ከ11 በኋላ ወደ 0 መመለስ ስላለበት ቀጣዩ ጉድጓድ የሚገኘው አሁን ባለው ቁጥር ላይ አንድ ደምሮ ለ12 ሲካፈል የሚተርፈውን በመውሰድ ነው። ለምሳሌ ከጉድጓድ 10 አራት ጠጠር ያነሣ ሰው በ11፣ በ0፣ በ1 እና በ2 ላይ ያድላል። ይህንን መጀመሪያ ያለ ምንም ሥዕል፣ ቁጥሮቹን ብቻ በጽሑፍ እያወጡ ይሥሩት።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ መቆጣጠሪያ አለ። ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ በሰሌዳው ላይ ያሉትንና የተበሉትን ጠጠሮች ይደምሩ፤ ድምሩ ሁልጊዜ 48 መሆን አለበት። 47 ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ጠጠር ጠፍቷል፤ ስህተቱም የተፈጠረው አሁን በተጫወቱት ተራ ውስጥ ነው። ይህን ድመራ ኮዱ ራሱ እንዲሠራና ሲሳሳት በቀይ እንዲጮኽ ካደረጉ፣ ሙሉ ሌሊት የሚፈጅ ፍለጋ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

አንሥቶ የመቀጠሉ ሕግ ደግሞ በሰሌዳ ላይ የማይታይ ወጥመድ አለበት። በእንዲህ ዓይነት ሕግ አንዳንድ አሰላለፎች ማደሉን እጅግ ረጅም፣ አንዳንዴም ማለቂያ የሌለው ሊያደርጉት ይችላሉ። ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ ይህ ቢደርስ ተሳስቀው ይተዉታል፤ ኮድ ግን ሳይሰለች ይዞራል፣ ጌሙም ይደርቃል፣ ተጫዋቹም ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ተራ ለምሳሌ ከ300 ጠጠር በላይ ካደለ ተራው እንዲቆም ይወስኑ። ይህ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የሕግ ውሳኔ ስለሆነ ሽማግሌዎቹን ማማከር ተገቢ ነው፤ የእኔው አማካሪ «መቼ ደርሶ ያውቃልና!» ብለው ከሳቁ በኋላ ቆም ብለው ጥያቄውን በቁም ነገር ይዘውታል።

ከቁጥር ወደ ስክሪን

ጎዶት ውስጥ ሁሉም ነገር ኖድ ከሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይገነባል፤ አንድ ላይ የታሰሩ ኖዶች ሲን ይባላሉ። አንድ ጉድጓድ እንደ ሲን ይሥሩ፦ ክብ ምስል፣ የጠጠሩን ቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍና የሚነካ ቁልፍ ያለው። ከዚያ ያንኑ ሲን 12 ጊዜ ይጠቀሙበት። ጉድጓዱ ሲነካ ሲግናል የተባለ መልእክት ይልካል፤ ሰሌዳው ሲግናሉን ተቀብሎ ተራው የማን እንደ ሆነ ያረጋግጣል። ጉድጓዱ ራሱ ሕጉን ማወቅ የለበትም፤ ይህን መለያየት ከመጀመሪያው ቢለምዱ በኋላ ሕጉን ሲያሻሽሉ ሥዕሉን አያፈርሱም።

ስሌቱ በቅጽበት ያልቃል፤ ዓይን ግን ጠጠሩ አንድ በአንድ ሲወርድ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ስሌቱ የእርምጃዎቹን ዝርዝር ይስጥ፣ ማሳያው ደግሞ በየሩብ ሴኮንዱ አንዱን ያጫውት። ጠጠርን በስክሪን ላይ ሲያንቀሳቅሱ በአንድ ፍሬም (ስክሪኑ ምስሉን አንድ ጊዜ በሚያድስበት ቅጽበት) አምስት ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ብለው አይጻፉ፤ በሴኮንድ 60 ፍሬም በሚያሳይ ስልክ ላይ በሴኮንድ 300 ፒክስል የሚሄደው ጠጠር 30 ፍሬም ብቻ በሚችል ስልክ ላይ በግማሽ ፍጥነት ይንፏቀቃል። ፍጥነቱን በሴኮንድ 300 ብለው ይያዙና ኢንጂኑ በየፍሬሙ በሚሰጠው ዴልታ፣ ማለትም ከቀድሞው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ፣ ያባዙት።

ኮምፒውተሩ ባላጋራ እንዲሆን ከፈለጉ መጀመሪያ በዘፈቀደ እንዲመርጥ ያድርጉት፤ ከዚያ ስድስቱንም ምርጫ በሰሌዳው ቅጂ ላይ ሞክሮ ብዙ የሚበላበትን እንዲመርጥ ያሻሽሉት። በጎዶት ቋንቋ ዝርዝርን ለሌላ ስም መስጠት አዲስ ቅጂ አይፈጥርም፤ ዱፕሊኬት በሚለው ትእዛዝ በግልጽ ካልገለበጡት ባላጋራው «እየሞከርኩ ነው» ሲል እውነተኛውን ሰሌዳ ያምሰዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት ሁለት ቀን ካጠፋሁ በኋላ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ በራስዎ ላፕቶፕ ላይ በትክክል ታይቶ በሰው ስልክ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ የፊደሉ ፎንት ከላፕቶፕዎ እንጂ ከጌሙ ውስጥ ስላልመጣ ነው። በነፃ ፈቃድ የሚገኙትን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ፕሮጀክቱ ውስጥ ያስገቡና ነባሪ ፎንት ያድርጉት።

ድምፁን ከሩቅ አይፈልጉ። ጠጠር በእንጨት ገበጣ ላይ ሲወድቅ በስልክዎ ይቅረጹና ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ያጽዱት። ለዜማው ደግሞ የወሎ ሰው ከማንም ይልቅ የታደለ ነው፤ ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በስማቸው የሀገራችን ናቸው። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ስላለው እያንዳንዱ የሚወርድ ጠጠር የአምባሰልን ቀጣይ ድምፅ እንዲያሰማ ቢያደርጉ፣ ረጅም ተራ በራሱ ዜማ ይሆናል፤ ተጫዋቹም ተራው መርዘሙን በጆሮው ያውቃል። ክራር የሚመታ ሰው አምስቱን ድምፆች ቢቀርጽልዎ በቂ ነው፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ፈቃድ ይቀበሉት። የታወቀ ድምፃዊን ቅጂ ቆርጦ ማስገባት ግን የሰው መብት መንካት ነው።

መብራት ሳይነግር ስለሚሄድ ሥራዎን ቶሎ ቶሎ ያስቀምጡ። ጊት የተባለው የቅጂ መመዝገቢያ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ በየቀኑ ማታ የዕለቱን ለውጥ ይመዝግቡበት፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ፎልደሩን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።

ለሰው መስጠት

ጌሙ ገና ሳያምር ለሰው ያሳዩት። ወሎ ውስጥ ለዚህ ከቡና ሰዓት የተሻለ ጊዜ አላውቅም፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ አንድ ሰው ጌሙን ተምሮ ሁለት ዙር ለመጫወት ይበቃዋል። ስልኩን ይስጡና ዝም ይበሉ። ከባዱ ነገር ዝም ማለቱ ነው። ጎረቤትዎ የባላጋራን ጉድጓድ ደጋግመው ቢነኩ «እማማ፣ እሱን አይደለም» ብለው አይናገሩ፤ የእርስዎ ረድፍ የትኛው እንደ ሆነ ስክሪኑ አልነገራቸውም ማለት ነውና ስህተቱን በማስታወሻዎ ይያዙና ማታ ያርሙት።

ለማሠራጨት መጀመሪያ ኢች (itch.io) በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ማውጣት ይቀላል፤ በብሮውዘር የሚከፈት ቅጂም ይቀበላል። ጉግል ፕሌይ የአልሚነት መለያ ለመክፈት አንድ ጊዜ 25 ዶላር ያስከፍላል፤ አዲስ የግል መለያ የከፈተ ሰው ደግሞ ጌሙን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለተከታታይ 14 ቀናት በዝግ እንዲሞክሩት ማድረግ አለበት። ቡና ላይ የሞከሩልዎትን ሰዎች የኢሜይል አድራሻ ያኔውኑ መመዝገብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ገበጣው ከወጣ በኋላ ሐረጎን መጀመር ይቻላል። ግን አንድ ኩርባ ብቻ፣ ከላይ ሆኖ የሚታይ፣ ከሠላሳ ሴኮንድ የማይበልጥ፣ ጉምም ጆንያም የሌለው። የእኔው አሁን ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ጎማው አልሰመጠም፣ ፍሬኑ ግን ገና አይይዝም።